ለእመቤታችን የተጨፈረ የሰይጣን ጭፈራ

ሰው የሚያውቀኝ በመርፌዬ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት ላውንድሪ ቤት ጥግ፣ መስኮት ስር ቁጭ ብዬ ለሰባት ዓመት የሰው ሱሪ አሳጥሬአለሁ። የጠበቃ ሱሪ፣ የታክሲ ነጂ ሱሪ፣ ሲያገቡ አስፊልኝ ሲፋቱ አጥብቢልኝ የሚሉኝ ሰዎች ሱሪ። እንዲህ ያለች ጭምት ሴት አንድ ቅዳሜ ቀንድ አውጥታ፣ ክራንቻ አግጥጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ሰይጣን ሆና ጨፈረች ብል የሚያምነኝ የለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔና እናቴ የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከእኛ ስር አንድ የቦሊቪያ ሰው ከሚስቱ ጋር ይኖራል። አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሃምሳን ያለፈ፣ አዲስ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ድራይዎል የሚሉትን የግድግዳ ሰሌዳ የሚገጥም ሠራተኛ ነው። የዓለም ዋንጫ አሜሪካ የመጣ ጊዜ በረንዳው ላይ የሰቀላትን ባንዲራ ዓመት ሙሉ አላወረዳትም። ቡድናቸው አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ነበር የተመለሰው፤ ባንዲራዋ ግን ዋንጫውን የወሰደች ትመስል ነበር።

እሑድ ከሰዓት ይኸው ሰውዬ የአገሩን ልጆች ሰብስቦ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ያዘልላቸዋል። መኪኖቹን ወደ ጥግ ያስጠጉና በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆነው ይቆማሉ። አንድ ቴፕ የነሐስ ጡሩንባ ሙዚቃ ይለቃል፣ አንድ ጎልማሳ ከበሮ ይመታል። እናቴ ወንበሯን መስኮት ዳር ስባ ታያቸዋለች። ከአገር ቤት ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በወር አንዴ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሚካኤል ማኅበርተኞቿ ጋር ከመገናኘቷ በቀር የምታየው ነገር አልነበራትም። እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሲዘሉ እንኳን እርስ በርሳቸው አይገፋፉም ትለኝ ነበር። ምን ሆነው እንደሚዘሉ ግን አልገባትም፤ በበዓል ቀን የሚያጠልቁትን ጭንብል ገና አላየችማ።

አንድ ቀን ሰውዬው ላውንድሪ ቤት መጣ። በትልቅ ፌስታል አንድ ካባ ይዟል፤ ዘንዶና ኮከብ በብር ክር የተጠለፈበት፣ ጫፉ የተቀዳደደ። እኔን ሲያይ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ፤ የላይኛው ቤት ነሽ ማለቱ ነው። በሁለታችን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባብተን ካባውን ወሰድኩለት። በማግስቱ በስፌት መኪና ግጥም አድርጌ ሰፍቼ ብሰጠው እጁን እላዩ ላይ አመላለሰና ራሱን ነቀነቀ። ፍቺውና በእጅ ስፊው አለኝ። ተናደድኩ። ሥራዬ ላይ ጣት የሚቀስር ሰው አልወድም። ግን ካባውን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለና አንድ ጊዜ ዞረ። እኔ የሰፋሁት በኩል እንደ ካርቶን ደርቆ ቆመ፤ በእጅ የተሰፋው በኩል ግን ተንሳፈፈ። እውነቱን ነው። ተቀምጬ ፈታሁት፤ እየፈታሁም ሰደብኩት፣ በአማርኛ ስለሆነ አልሰማኝም።

ከዚያ ወዲህ የቡድኑ ሰፊ ሆንኩ። ሁሉንም ለካሁ፤ ወገባቸውን፣ ትከሻቸውን፣ የእጃቸውን ርዝመት። እሱም ሲያስለካ ያስተምረኛል። ጭፈራው ዲያብላዳ ይባላል። የሚጨፍሩት ሰይጣኖች ናቸው፤ በትዕቢት እየተንጎራደዱ አገሩን ይሞሉታል፣ መጨረሻ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ይመጣና አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። አባቱ ጨፍሮታል፣ አያቱም ከማዕድን ጉድጓድ እየወጣ ጨፍሮታል። እዚህ ያሉት ልጆች ግን ሥራ ይበዛባቸዋል፣ እናሳጥረው ይሉታል፤ አንዱማ የሬዲዮ ዘፈን እንቀላቅልበት ብሎት ነበር። እሱ አንድ እርምጃ አያስነካም። ካልተጨፈረ ይረሳል፣ ከተቀየረ ደግሞ የእኛ መሆኑ ይቀራል እያለ ይጨቃጨቃል። ሙዚቃው አንዴ ከተጀመረ ሚካኤል የመጨረሻውን ሰይጣን እስኪጥል አይቆምም፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ነው። ይህን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል።

የእሱ ጭንብል ውስጡ ያለው ስፖንጅ አልቆ ነበርና ላድሰው ቤት ይዤው ገባሁ። የእኔ ጥፋት እናቴን ሳላስጠነቅቅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጤ ነው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ግንባሩ ላይ እንሽላሊት የሚሳብበት ነገር ነው። ከሥራ ስመለስ እናቴ በረንዳ ላይ ቆማለች። ጭንብሉ ነጠላ ተከናንቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ነጠላው ደግሞ ርጥብ ነው። ከማኅበር ያመጣችውን ጸበል ግማሽ ጠርሙስ ረጭታበታለች። ጭንብሉ የተሠራው ከጨርቅና ከጀሶ ስለሆነ የአፍንጫው ቀለም ተላጦ ነጠላዋ ላይ ቀርቷል።

“ይኼ ነገር እዚህ ቤት ካደረ እኔ አላድርም” አለችኝ።

ሰይጣኑ ተሸናፊው እንደሆነ፣ የሚያሸንፈው ሚካኤል እንደሆነ ብነግራት አልሰማችኝም። ሚካኤል ካሸነፈው ታዲያ ምን ሊያደርግ ጠረጴዛዬ ላይ ወጣ አለች። ጭንብሉን መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ አፍንጫውን በራሴ የጥፍር ቀለም አደስኩት። ሰውዬው ሲያየው ከበፊቱ ይልቅ አምሯል አለኝ። ምን እንደደረሰበት አልነገርኩትም።

ቡድኑ በየዓመቱ የሚጨፍርበት በዓል ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ሰውዬው ሥራ ቦታ ከመሰላል ወደቀ። ጉልበቱ አብጦ በክራንች ተመለሰ። ምግብ ይዤለት ወረድኩ። ሚስቱ ኩሽና ውስጥ ሆና እያፏጨች ታበስላለች፣ እሱ ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ገርጥቷል። አይዞህ፣ ሐኪሙ የሚልህን ስማ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትጨፍራለህ አልኩት። የሚቀጥለው ዓመት አይሆንም አለኝ።

ነገሩ ስለት ነበር። ሚስቱ አገር ቤት ቀርታ አምስት ዓመት ወረቀት ስትጠብቅ፣ አንዴ ይኼ ጎደለ አንዴ ያ ጎደለ እየተባለ ስትመላለስ፣ እሱ ለእመቤታችን ተሳለ። ካመጣሽልኝ ሦስት ዓመት ሳላቋርጥ እጨፍርልሻለሁ አለ። ዓመቱ ሳያልቅ መጣችለት። አንዱን ዓመት ጨፈረ፣ ሁለተኛውንም ጨፈረ። ይኸኛው ሦስተኛው ነው። ወደ ኩሽናው እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገና የሰጠችኝን መልሳ ብትወስድብኝስ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ላይ የሚጮኸው ሰውዬ እንደ ሕፃን ፈርቶ ነበር። በጣም አዘንኩለት።

ወደ ቤት ወጥቼ ለእናቴ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነገርኳት። የምታነበውን ድርሳን ዘጋች።

“ለእመቤታችን ነው የተሳለው?”

“አዎ፣ እማዬ።”

“ሦስተኛው ዓመት ነው?”

“ሦስተኛው ነው። ጉልበቱን ግን ሰርጀሪ ሳያስፈልገው አይቀርም ተባለ።”

“ታዲያ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ? ልብሱን የሰፋሽው አንቺ፣ ልኩን የምታውቂው አንቺ።”

ልኩንስ አውቀው ነበር። ዐሥራ ሁለቱንም ለክቼ ከእኔ ጋር አንድ ወገብና አንድ ትከሻ ያለው ሰው ያ አጭር ሰውዬ ብቻ መሆኑን ደርሼበት፣ ለማንም ሳልተነፍስ ቀርቻለሁ። ለሴት ልጅ የሚያኮራ ነገር አይደለም። በዐሥር ቀን ልብሱን ለሌላ ሰው ማስተካከል አይቻልም፤ ደግሞም ለሌላ ሰው ቢስተካከል የእሱ አይሆንም። ተመልሼ ወረድኩና ነገርኩት። ሴት ነሽ እኮ አለኝ። ጭንብል ስር ማን ያየኛል አልኩት። ከወደቀ ወዲህ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቀው።

ስለቱን ግን በሰው ማድረስ አይቻልም ብሎ ድርቅ አለ። የተሳለው እግር ራሱ ነው የሚጨፍረው። እናቴ በእኔ በኩል መልእክት ሰደደች፤ በእኛ አገር የታመመ ሰው ስለት በዘመድ ይላካል አለች። ዘመዴ አይደለሽም አለኝ። ይህንንም ነገርኳት። ጎረቤት ነን በይው አለችኝ። ይኼ እስከ ማታ ድረስ ሲያመላልሰኝ ቆየና ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ተቀበለ፤ ረድፉ ሰው ጎድሎት መቆም የለበትም፣ ስለዚህ ትጨፍሪያለሽ። የስለቱ ነገር የእኔና የእመቤታችን ነው አለ።

ዐሥሩን ቀን ከሥራ መልስ እዚያው ፓርኪንግ ሎት ላይ አሠለጠነኝ። እሱ ወንበር ላይ ሆኖ በክራንቹ አስፋልቱን ይመታል፣ እኔ እዘላለሁ። እርምጃውን ቶሎ ያዝኩት። ያስቸገረኝ ትከሻዬ ነው፤ ከበሮ በሰማ ቁጥር የራሱን መንገድ ይሄዳል። ሰውዬው “ሾልደር፣ ሾልደር” እያለ ይጮሃል። እናቴ ከመስኮት ሆና ተዋት ልጄን፣ ያምርባታል እያለች በአማርኛ ትመልስለታለች።

በዓሉ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ተራ በተራ የየራሱን ያሳያል። በቫን ተጭነን ቤልትዌይ የሚባለውን የከተማ ዙሪያ መንገድ ዞረን ደረስን። ገና ከበሩ ስገባ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ፤ የእናቴ ማኅበርተኞች በሙሉ ነጠላቸውን አጣፍተው አንድ ረድፍ ወንበር ይዘዋል። ከእኛ ቀጥሎ ልጆቻቸው እስክስታ ሊያሳዩ ኖሯል። እናቴ ሄዳ አብራቸው ተቀመጠች፤ ልጅሽስ ሲሏት ሥራ ላይ ናት አለቻቸው። አልዋሸችም፣ ሥራዬ ነበር። ሰውዬው ከጨዋታው ሜዳ ጫፍ፣ ከእናቴ ሦስት ወንበር ርቆ ተቀመጠ፤ ክራንቹን ከጎኑ አስደግፏል።

ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አስሬ ጭንብሉን አጠለቅሁ። በጭንብሉ ዓይን አይታይም። የሚታየው በአፍንጫው ቀዳዳ ነው፤ የሚታየውም አንድ ክንድ ያህል ስፋት ወለል ነው። ሙዚቃው ተጀመረ። ወጣን። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ? ደስ ይላል። ያን ያህል ሰው ፊት ስትዘዪ ማንም አንቺ መሆንሽን አያውቅም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ስር ተንበርክኬ ስፒል ስሰካ የኖርኩት እኔ አዳራሹን ሞላሁት። ካባዬ ተንሳፈፈ። ትከሻዬ እንኳን አደብ ገዛ።

ረድፋችን በጎን በር በኩል ሲዞር በሩ ተከፈተ። በአፍንጫዬ ቀዳዳ ጥቁር ቀሚስ አየሁ፣ ቀና ስል ነጭ ጥምጥም፣ ከጥምጥሙ ዝቅ ብሎ የእጅ መስቀል። ልጆቹን ሊባርኩ የተጠሩ ቄስ ናቸው፣ ዘግይተው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፣ ጉልበቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቄስ ፊት ለፊቴ ሲመጣ የማደርገውን አደረግሁ። ቆምኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ግንባሬን አስጠጋሁ።

“አባ፣ ይፍቱኝ” አልኩ።

ቄሱም እጃቸው ለምዶበታል፣ የስንት ሺህ ሰው ግንባር የነካ እጅ ነው። ሳያዩ መስቀሉን ዘረጉና እንሽላሊቱ ላይ አሳረፉት፤ ወደ አፌ ሲያወርዱት ከክራንቻዬ ጋር ተጋጨ። ያን ጊዜ ነው ያዩኝ። መስቀሉን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ከኋላዬ ያለው ሰይጣን መጥቶ ጀርባዬ ላይ ወደቀ፣ የሚቀጥለው እሱ ላይ፤ የአንዱ ቀንድ ካባዬ ውስጥ ተሰነቀረ። ከበሮው ቆመ። ሚካኤል ሰይፉን ወደ ላይ እንደያዘ ግራ ገብቶት ይመለከተናል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፣ ሰው ሁሉ የጨዋታው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ቄሱ ጎንበስ ብለው በቀንዶቼ መካከል በሹክሹክታ “አንቺ ልጅ፣ ማን ነሽ?” አሉኝ።

እኔ ግን ሰውዬውን እየፈለግሁ ነበር። አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። አምስት ዓመት የጠበቀው፣ ሁለት ዓመት የጨፈረው፣ በእኔ ምክንያት መሀል ላይ ተቆረጠ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ከዚያ ተነሣ። ክራንቹን አላነሣም። በአንድ እግሩ እየተንገዳገደ ከበሮ ወደያዘው ሰው ዞረና አንዲት ቃል ተናገረ፤ ከመጀመሪያው ማለቱ እንደሆነ ስንት ጊዜ ስለጮኸብኝ አውቃለሁ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ጉልበቱ ከዳው። ሚስቱ ከኋላ ወንበር ተነሥታ እየሮጠች ነው፤ የቀደመቻት ግን እናቴ ናት። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በብብቱ ገብታ ትከሻዋን ሰጠችው። ማኅበርተኞቿ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እሷ ዞራ አላየቻቸውም።

ከበሮው ተመታ። ከመጀመሪያው ጀመርን። ቄሱ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ከእኛ አላነሡም። እኛ ሰይጣኖቹ ተንጎራደድን፣ አገሩን ሞላነው። ከረድፋችን ጫፍ፣ እኔ ከያዝኩት ከእሱ ቦታ ጎን፣ ጭንብል የሌለው ሰውዬና ሰይጣን ቤቷ አላሳድርም ያለች ሴት አብረው ይሄዳሉ። መዝለል አልቻለም፤ እያንዳንዱን እርምጃ ግን ረገጠው። አንዳንዱ ላይ ሲያቃስት ይሰማኛል።

ሚካኤል መጣ። የመጀመሪያውን ሰይጣን ጣለ፣ ሁለተኛውን ጣለ። የማኅበሩ ሴቶች እስከዚያ ድረስ ፈዘው ተቀምጠው ነበር፤ ሰይፍ የያዘው ማን እንደሆነ ሲገባቸው እልልታው አዳራሹን አናጋው። አንዷ ተነሣች፣ ሁሉም ተነሡ። ቦሊቪያኖቹ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ከበሮ መቺው ደንግጦ ይሁን ደስ ብሎት እንጃ በእጥፍ ይመታው ጀመር። ሰይፉ እኔ ዘንድ ሲደርስ እንደተማርኩት በጎኔ ወደቅሁ።

ወለሉ ላይ ሆኜ በአፍንጫዬ ቀዳዳ የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። የእናቴ ነጭ ቴኒስ ጫማ አለ። ከጎኑ ጌጠኛ ቦት ጫማ አየሁ፤ ሰውዬው የጭፈራውን ቦት ተጫምቶ መምጣቱን እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላልኩም። ባበጠው እግሩ በኩል ማሰሪያው አልታሰረም፣ ምላሱ ተንጠልጥሏል። ቦቱ አንዴ ይነሣና ያርፋል፣ ቴኒስ ጫማው ተከትሎ ይነሣና ያርፋል። የመጨረሻው ሰይጣን ሲወድቅ ሰማሁ። ሙዚቃው ቆመ።

እግሮቹ ግን አልሄዱም። ሰውዬው ለእናቴ በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ነገራት፤ ከዚያ ውስጥ የለየሁት ሦስት የሚለውን ብቻ ነው፣ እርምጃ ስንቆጥር የተማርኩት። ቃላቸውን የማቀባብለው እኔ ነበርኩ፤ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም።

“ስለትህን አደረስክ፣ ወንድሜ” አለችው እናቴ። “ተመስገን፣ አደረስክ።”

ማንም አልተረጎመለትም። የሚስቱ እግር ሮጦ መጣና ከሁለቱ መሀል ገባ፤ እኔ ጭንብሉን ሳላወልቅ እዚያው ተኝቼ አለቀስኩ።